ሰባተኛዋን ሳንቲም ያጠብኩ ዕለት

አንዴ የጸዳ ነገር ምን ቢደረግ ነው ተመልሶ የሚቆሽሸው?

ይህን ጥያቄ ራሴን የጠየቅኩት በስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜ፣ በአንድ እጄ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ በሌላው እጄ እንደ አዲስ የኮት ቁልፍ የምታበራ ሳንቲም ይዤ ነው። መልስ አላገኘሁለትም። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ተቃራኒውን ነው፤ እድፍ ማስለቀቅ፣ ዝገት ማስለቀቅ፣ ሻጋታ ማስለቀቅ። የለቀቀን ዝገት ለምኖ ወደ ቦታው መመለስ ግን ማንም አላስተማረኝም። እስከ ሰባተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ እስከዚያ ባለው ትምህርት ውስጥ አልነበረም። ምናልባት ስምንተኛ ላይ ይኖር ይሆናል።

ሳንቲሟ የእኔ አይደለችም። የሙዚየም ናት፤ በፊርማ የተረከበቻት ደግሞ የልጅ ልጄ ናት።

የልጅ ልጄ ጥንታዊ ሳንቲም ታክማለች። ይህን ሥራዋን ለሰው ሳስረዳ ሁልጊዜ እቸገራለሁ። ሐኪም ናት እንዳልል፣ በሽተኞቿን የሠራቸው ሰው ከሞተ ሺህ ዓመት አልፎታል። አንጥረኛ ናት እንዳልል፣ መዶሻ ብታይ ትደነግጣለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። እናቷ፣ ማለት ልጄ፣ ሌላ ከተማ ትሠራለች፤ በዓመት ሁለቴ ብቅ ብላ ሻንጣዋን ሳትፈታ ትመለሳለች። ስለዚህ ልጅቷ እኔን «እማዬ» ትለኛለች፣ የወለደቻትን ደግሞ እንደ ታላቅ እህት «እታለም» ትላታለች። እኔ የምጠራት «ጉንዳኔ» ብዬ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ሆና አንድ ቁራሽ ዳቦ ፈርፍራ፣ ፍርፋሪውን አንድ በአንድ ከጓዳ እስከ በራፍ ስታጓጉዝ ግማሽ ቀን ዋለች። ምን እያደረግሽ ነው ብላት፣ ቤቱን እያዛወርኩ ነው አለችኝ። ያኔውኑ ሥራዋ ምን እንደሚሆን ማወቅ ነበረብኝ።

ሙዚየሙ የወሰዳት ለስድስት ወር ሙከራ ነው። የውሃ ቧንቧ ሊቀብሩ የሚቆፍሩ ሰዎች አንድ የሸክላ ማሰሮ ሰበሩ፤ ውስጡ ዐሥራ ሁለት የነሐስ ሳንቲሞች ተጣብቀው እንደ ጠጠር ድቡልቡል ሆነው ተገኙ። እነሱን አላቅቆ ማከም የእሷ ፈተና ሆነ። የሙዚየሙ የጥገና ክፍል ጣሪያ ማፍሰስ ሲጀምር ኃላፊዋ ወረቀት ላይ አስፈርማ፣ ሳንቲሞቹን ቤቷ ወስዳ እንድትጨርስ ፈቀደችላት። እንዲህ ሆነው ነው ዐሥራ ሁለቱ የእኔ የልብስ ስፌት ክፍል ውስጥ የገቡት። የስፌት መኪናዬ ኮሪደር ላይ ወጣች። አልተቀየምኩም። ትንሽ ነው የተቀየምኩት።

ክፍሉን ልንገራችሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ከላዩ አንገቱ የሚታጠፍ መብራት፣ አጠገቡ ማይክሮስኮፕ። ወረንጦ፣ መርፌ፣ የሐኪም ምላጭ፣ እና ትስቁ እንደሆን እንጃ፣ የጃርት እሾህ። እሾህ ብረት አይጭርም ትላለች። ሳንቲሞቹ በክዳናማ ብልቃጥ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ እርጥበት እንዳያገኛቸው አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋ ትንሽ የፍሬ ከረጢት አብራቸው አለች። የምታጥባቸው መኪና ባትሪ ውስጥ በሚጨመረው የተጣራ ውሃ ነው። የቧንቧው ውሃ ክሎሪን አለበት፣ ክሎሪን የነሐስ ጠላት ነው አለችኝ። እያንዳንዷ ሳንቲም ደግሞ ካርድ አላት። ክብደቷ፣ መልኳ፣ ስንት ሰዓት ውሃ ውስጥ እንደቆየች፣ የትኛው ጎኗ በምን እንደተነካ ይጻፋል። እኔ ለደም ግፊቴ እንኳ እንደዚያ ያለ ካርድ የለኝም።

ከሁሉም የበለጠችው ሰባተኛዋ ናት። በወፍራም አረንጓዴ ቅርፊት ተሸፍና መጣች። ጉንዳኔ አራት ወር ሙሉ በእሾህ ስትቆረቁራት ቆየችና፣ መጀመሪያ አንድ ጆሮ ወጣ፣ ከዚያ ግማሽ ዓይን፣ ከዚያ ከአገጩ በታች አንድ ፊደል። ከፊደሉ ቀጥሎ ሌሎች ሁለት እንዳሉ ቅርፊቱ እብጥ ብሎ ያሳያል። ኃላፊዋ በማይክሮስኮፕ አይታ፣ ይህን ሰውዬ እኔ አላውቀውም አለች አሉ። እሷ የማታውቀው ሰው ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው መሰለኝ፤ ጉንዳኔ ያን ቀን ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ ሳመችኝ።

አንድ ቀን አጠገቧ ወንበር ስቤ ቁጭ ብዬ፣ አረንጓዴውን ለምን ፈቅፍቀሽ አትገላገይውም አልኳት። ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ ቀስ ብላ አስረዳችኝ።

«ፊቱ ያለው ብረቱ ላይ አይደለም እማዬ። ብረቱ ድሮ ተበልቷል። ፊቱ አሁን ያለው ዝገቱ ውስጥ ነው። ዝገቱን ካነሳሽው ፊቱም አብሮ ይነሳል።»

እሺ፣ እሺ አልኳት። ጆሮዬ ሰምቷል፤ ልቤ ግን ወጥ ቤት ሄዶ ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ አላጠፋሁትም እያለ ይከራከር ነበር። ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል፤ ለጆሮም ይሠራል።

መቼም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሙሉ ጊዜዬን የምሠራው ሥራ መጨነቅ ነው። ማይክሮስኮፑ ዓይኗን መጥጦ ይጨርሰዋል ብዬ እጨነቃለሁ። አንገቷ እንደ መብራቱ አንገት ታጥፎ ይቀራል ብዬ እጨነቃለሁ። አረንጓዴው ብናኝ መርዝ ነው ብዬ በየሰዓቱ ወተት አስቀምጥላታለሁ፤ ወተቱ ላይ ብናኝ ይገባበታል ብዬ ደግሞ አነሳዋለሁ። ሐሙስ ዕለት ልብስ ሳጥፍ ከእናቷ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ሰኞ ሥራዋን ሊገመግሙላት ነው። ሁለቱን ፊደሎች እስከ ሰኞ ካላወጣሁ ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡታል፣ እታለም፣ አለች። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር። ልጅ ሆና ሊያማት ሲል እንደዚያ ነበር የምትናገረው።

ያን ቀን የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ዓርብ ጠዋት ከሙዚየሙ ሰዎች ጋር ማሰሮው የተገኘበትን ቦይ ለማየት ሄደች፤ አድራ ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ላይ ልትመለስ። ሰባተኛዋን በተጣራ ውሃ ሳህን ውስጥ ዘፍዝፋ፣ ክፍሉን ቆልፋ፣ ቁልፉን በእጄ አስጨበጠችኝ። «ከአንቺ በቀር ማንም እንዳይገባ፣ እማዬ» አለችኝ። ጃንጥላ ያዢ፣ ጃኬት ያዢ፣ ከመስኮት አጠገብ አትቀመጪ ብዬ ሸኘኋት። በሩ እንደተዘጋ ያለችኝን መልሼ አሰብኩት። «ከአንቺ በቀር» ነው ያለችው። እንግዲህ እኔ ተፈቅዶልኛል ማለት ነው።

አሁን ስለ ራሴ አንድ ነገር ካልነገርኳችሁ ጥፋቴ የስንፍና ይመስላችኋል። ስንፍና ቢሆን ኖሮ ሳንቲሟ ዛሬም ደህና ነበረች። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ፍርድ ቤት ውስጥ ጽዳት ሠርቻለሁ። የዐሥራ አራት ችሎት የነሐስ የበር እጀታ በእኔ እጅ ነበር። ሎሚና ጨው፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ። አንድ ዳኛ በእኔ እጀታ ላይ እያየ ከረባቱን ሲያስተካክል በዓይኔ አይቻለሁ። ጡረታ ስወጣ የሰጡኝ የምስክር ወረቀት ላይ «በተለይ በብረታ ብረት ንጽሕና» የሚል ተጽፎበታል። ታዲያ እንዲህ ያለ ወረቀት ግድግዳዋ ላይ የሰቀለች ሴት፣ የልጅ ልጇ አራት ወር ሙሉ በእሾህ ስትሟሟት እያየች እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ?

ሁሉንም አልነካም አልኩ። አንዷን ብቻ። እሷኑ አስቸጋሪዋን። ጨርሼ አስቀምጥላታለሁ፣ ስትመለስ ሁለቱ ፊደሎች ቁልጭ ብለው ይጠብቋታል፣ «እማዬ!» ትላለች። እስከ «እማዬ!» ድረስ ነው ያሰብኩት።

ግማሽ ሎሚ፣ ጨው፣ የጥርስ ብሩሽ። ሬዲዮውን ከፈትኩ፤ እጄ ከድሮ ጀምሮ ዜና እየሰማ ነው የሚሠራው። ቅርፊቱ መጀመሪያ አረፋ ደፈቀ፣ ከዚያ እንደ ድሮ ወዳጅ ታዘዘልኝ። ዜናው ሲያልቅ አጠብኳት፣ በደረቅ ጨርቅ ወለወልኳት፣ ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ።

አበራች። እንደ ፍርድ ቤት እጀታ አበራች። ጆሮ የለም። ዓይን የለም። ፊደል የለም። ሁለቱ አልወጡም፤ የወጣችውም አንዷ ገብታለች። አስጠግቼ ሳየው አንድ ነገር ታየኝ፤ የገዛ አፍንጫዬ ነው።

አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች ይባላል። ይህን ተረት ስንት ጊዜ በሰው ላይ ተርቼዋለሁ። ሴትዮዋን አንድም ቀን አዝኜላት አላውቅም ነበር። እሷ እንኳ ያጠበችው የባሏን ነው፤ ባል ይቆጣል፣ ይበርድለታል። እኔ ያጠብኩት የልጄን ልጅ እንጀራ ነው።

እና ያኔ ነው ጥያቄው የመጣው። የጸዳ ነገር እንዴት ይቆሽሻል?

መጀመሪያ ኮምጣጤ ውስጥ ከተትኳት። ይበልጥ አበራች። ቀጥዬ የአበባ ማሰሮ ውስጥ ቀብሬ ውሃ አጠጣኋት። ከመሬት መጥታ ከሆነ መሬት ያውቅባታል ብዬ። በየሩብ ሰዓቱ ቆፍሬ አያታለሁ። አበባው ተነቀለ እንጂ እሷ ንቅንቅ አላለችም። በመጨረሻ ሁለት ቤት አልፎ ያለው ቧንቧ ሠራተኛ ትዝ አለኝ። እሱ ቀኑን ሙሉ ከአረንጓዴ መዳብ ጋር ነው የሚውለው። ሄድኩ። ከራሱ ቤት ማጠቢያ ሥር በጀርባው ተኝቷል፤ ከጉልበቱ በላይ አይታይም።

ለጉልበቱ አወራሁት። ቧንቧው መገጣጠሚያ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ነገር እንዴት ነው የሚመጣው ብዬ ጠየቅኩት። እማማ የቱ ጋ ነው ያፈሰሰብዎት ብሎ ብቅ አለ። አላፈሰሰም፣ እንዲመጣልኝ ፈልጌ ነው አልኩት። መፍቻውን መሬት አስቀመጠ።

«እማማ፣ እኔን የሚጠሩኝ ይሄን ነገር አጥፋልን እያሉ ነው። አምጣልን ያለኝ ሰው እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት።»

የኮት ቁልፍ ነው አልኩት፣ ላስረጀው ፈልጌ ነው፣ ፋሽን ነው አሁን። መዋሸት አልችልበትም፤ ስዋሽ ጆሮዬን እነካለሁ። ጆሮዬን አየት አደረገና ቁም ነገሩን ነገረኝ። እርጥበትና ጊዜ ነው የሚያመጣው አለ። እርጥበቱን እኔ እሰጥዎታለሁ፣ ጊዜውን ግን ከላይ ይጠይቁ። ስንት ጊዜ ብለው፣ ትንሽ አረንጓዴ ከሆነ ዐሥር ዓመት፣ የደነደነ ከሆነ የልጅ ልጅዎ አያት እስክትሆን አለኝ። እስከ ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ነው ያለኝ አልኩት። መፍቻውን አንስቶ ተመልሶ ከማጠቢያው ሥር ገባ።

ቅዳሜ ጠዋት ያደረግኩትን ለመናገር አፍራለሁ፤ ግን ከጀመርኩ ወዲህ ምን ቀረኝ። ልጄ ባለፈው ስትመጣ ረስታው የሄደችው የዓይን ቀለም መሳቢያ ውስጥ ነበር። አረንጓዴ። በጣቴ ትንሽ ነክቼ ሳንቲሟ ላይ ቀባሁ። መነጽሬን አድርጌ ሳየው ደህና ነው። መነጽሬን አውልቄ ሳየው በጣም ደህና ነው። በላዩ ላይ ትንሽ የአበባ ማሰሮ አፈር ነሰነስኩበት። ልትኳል ሄዳ ዓይኗን አጠፋች ይባላል፤ እኔ በተቃራኒው ነኝ፣ መጀመሪያ ዓይኑን አጥፍቼ ነው የኳልኩት። ሳህኑ ውስጥ እንዳልመልሳት ቀለሙ ይለቃል፤ ስለዚህ ብልቃጧ ውስጥ ከተትኳት፣ ክፍሉን ቆለፍኩ፣ ሳሎን ሄጄ ጨዋ ሰው መስዬ ተቀመጥኩ።

ጉንዳኔ ቅዳሜ በሰዓቷ መጣች። ደክሟታል፤ ጫማዋ ጭቃ ነው። ክፍሉ ደኅና ነው ወይ አለችኝ፤ ደኅና ነው አልኩና ጆሮዬን ነካሁ። አላየችኝም። ቁልፉን ተቀብላኝ ነገ በጠዋት እጀምራለሁ ብላ ገብታ ተኛች።

እሑድ ከቁርስ በኋላ ገባች። እኔ ኮሪደሩ ላይ የስፌት መኪናዬን አቧራ መጥረግ ጀመርኩ። ምንም አቧራ የለበትም። በሩ ገርበብ ብሏል። ሰባተኛዋ ብልቃጥ ውስጥ መሆኗን አይታ ቆም ስትል ተሰማኝ፤ ከዚያ የወንበሩ ድምፅ፣ ከዚያ መብራቱ ቀጭ ሲል። እኔ ያንን መኪና አሁንም እየጠረግኩ ነው።

«እማዬ» አለች በመጨረሻ። «እታለም መጥታ ነበር?»

«አይ» አልኩ።

«እሺ።»

ይኸው ነው። የዓይን ቀለሙ ውስጥ ብልጭልጭ እንዳለበት እኔ በመነጽሬ አላየሁም፤ ማይክሮስኮፑ ግን አይቶታል። የእናቷን ብልጭልጭ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ሳንቲሟ ላይ ማን ሊቀባው እንደሚችል ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም። እየመዘነች፣ ፎቶ እያነሳች፣ እየጻፈች እስከ ምሳ ቆየች። ምሳ ላይ ያቀረብኩላትን ሁሉ ጠርጋ በላች። ትበላልኝ ብዬ ስንት ዓመት ስለምን የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን መብላቷ ከሁሉም በላይ አስፈራኝ። ቅጭም ብላ፣ እያላመጠች፣ ግድግዳውን እያየች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የእኔ የምስክር ወረቀት ነው።

ጸጉሯን ልትታጠብ ስትገባ ክፍሉ ውስጥ ዘው አልኩ። ክፍት ትቼዋለሁ ማለቷ ይሁን ረስታው እንጃ። ካርዱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሰባተኛዋ ይላል። ከዚያ በቀጭን ጽሕፈቷ፦ «በሎሚና በጨው ታጥባለች። የላይኛው ገጽ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል። ጉዳቱ የደረሰው በእኔ፣ በጠጋኟ፣ የአሠራር ስህተት ነው።»

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሎሚና ጨው መሆኑን አልነገርኳትም፤ ነሐስ በምን እንደማጸዳ ግን ከልጅነቷ ታውቃለች። በእሾህ አራት ወር የሠራች ልጅ፣ ሎሚና ጨው ተጠቀምኩ ብላ በገዛ እጇ ጽፋለች። ይህን ለኃላፊዋ ከሰጠች ነገ ያባርሯታል፤ የሚያባርሯት ደግሞ በሌላ ሰው ጅልነት ነው። ከዚህ ሙዚየም ብቻ ሳይሆን ከየትኛውም። ሎሚና ጨው የሚጠቀም ሰው ማን ሳንቲም ያስነካዋል? እኔ እሷን ከንፋስ፣ ከዝናብ፣ ከመስኮት፣ ከወተት ብናኝ ስጠብቃት ኖሬ፣ አንድ ከእኔ ነው ያልጠበቅኳት።

ወጥ ቤት ሄጄ ደብተር አወጣሁ፤ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ወረቀት ጥፋቱን በዜናው አሳበብኩ፤ ዜናው ባይረዝም ኖሮ ብዬ። ቀደድኩት። በሁለተኛው በደም ግፊቴ አሳበብኩ። ቀደድኩት። በሦስተኛው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ያገለገልኩ፣ የምስክር ወረቀት ያለኝ ብዬ ጀምሬ ግማሹን ገጽ በራሴ ታሪክ ሞላሁት። እሱን ለመቅደድ አዘንኩ፤ ግን ቀደድኩት። የቀረው ሦስት መስመር ነው፦ «ሰባተኛዋን ሳንቲም ያጠብኩት እኔ አያቷ ነኝ። ትንሽ ሎሚና ትንሽ ጨው ተጠቅሜያለሁ። እሷ አልነበረችም፣ አላወቀችምም።»

ሰኞ ጠዋት ከሻይዋ አጠገብ አስቀመጥኩላት። ለመሄድ ለብሳለች፤ ዐሥራ ሁለቱ ብልቃጦች ሳጥናቸው ውስጥ ናቸው፣ ካርዶቹ ከላይ ታስረዋል። አነበበችው። ሻይዋን አልነካችውም።

«ያንቺን ቅደጂው» አልኳት። «የእኔን ስጫቸው።»

«ያንቺን ከሰጠኋቸው፣ ቁልፉን ለምን ሰጠሻት ይሉኛል።»

«ይበሉሽ። ሰጥተሽኛል እኮ።»

«ካባረሩኝስ?»

ጠረጴዛው ላይ ያልነበረ ፍርፋሪ ጠረግኩ። «እውነቱን ተናግረሽ ያባርሩሽ» አልኩ። «በእኔ ሎሚ ግን አትባረሪም።»

ወረቀቱን መልሳ አየችው። ከዚያ ከደረት ኪሷ እስክሪብቶ አወጣች።

«ይሄ እንዲህ ሆኖ ካርድ ላይ አይገባም፣ እማዬ። ‹ትንሽ ሎሚ› ስንት ነው?»

«ግማሽ።»

«ጨውስ?»

«አንድ ማንኪያ።»

«የሻይ ነው የሾርባ?»

«የሾርባ።»

«ሞልቶ?»

«…ሞልቶ።»

ጻፈች። ስንት ደቂቃ አለችኝ። ዜናው እስኪያልቅ አልኩ። አጭሩ ነው ዋናው አለችኝ። ዋናው አልኩ፣ ስፖርቱንም ጨምሮ። ሃያ ስምንት ደቂቃ ብላ ጻፈች። ብሩሹ የማን ነው፣ ያንቺ የአምናው ነው። ኮምጣጤው እንዳለ ነው ወይስ በውሃ አቅጥነሽው፣ እንዳለ። አፈሩ ከየትኛው ማሰሮ፣ ከበረንዳው። የዓይን ቀለሙን በምን ቀባሽው፣ በጣቴ። የትኛው ጣት ስትለኝ የምታሾፍብኝ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። አታሾፍም። ጣቴን አሳየኋት። ጻፈች። ፍርድ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ስሠራ ከችሎት ውጭ ሆኜ ስንት ምስክር ሲጠየቅ ሰምቻለሁ፤ እንደዚህ ጥርት ተደርጎ የተጠየቀ አላስታውስም።

የራሷን ካርድ ቀደደችው። በአዲስ ካርድ ላይ የእኔን ቃል ሁሉ ገለበጠች፤ ከሥሩ ደግሞ «ቁልፉን በእጇ የሰጠኋት እኔ ነኝ» ብላ ጨመረች። ፈርሚ አለችኝ። ደመወዝ እንደምቀበልበት ጊዜ ሙሉ ፊርማዬን፣ ከነጭራው ፈረምኩ።

«ያጠብሽበትን ውሃ የት ደፋሽው?» አለች፣ የእስክሪብቶውን ክዳን እየገጠመች። ካርዱ ላይ የቀረው ባዶ መስመር እሱ ብቻ ነበር።

«አልደፋሁትም።»

ጠዋቱን ሙሉ ቀና ብላ ሳታየኝ የዋለችው ልጅ ቀና አለች።

እኔ መቼም ምንም ነገር አልደፋም። በዚህ ነው ቤተሰቡ ሲስቅብኝ የሚኖረው፤ ያንን ሎሚና ጨው ለመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ይሆነኛል ብዬ በማርማላታ ጠርሙስ ገልብጬ፣ ከድኜ ከማጠቢያው ሥር አስቀምጬዋለሁ። ጎንበስ ብዬ አወጣሁላት። ከእጄ ተቀብላ መስኮቱ ጋ ወሰደችው፣ ሳትነቀንቀው ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረገችው። ውሃው ሰማያዊ ሆኗል። ታች፣ ከጠርሙሱ ወለል ላይ፣ አረንጓዴ ዝቃጭ፤ በዝቃጩ መሐል ሎሚው ያልፈጃቸው፣ ብሩሹ ያነሳቸው አራት ወይም አምስት ስባሪዎች፣ ምስር የምታክል አንዷ። በእነሱ ላይ የፊደል ቅሪት ይኑር ወይስ ምንም አይኑር፣ እኔ አላውቅም። በቀስታ አዞረችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

የአንገት ልብሷን ፈታ ጠርሙሱን ጠቀለለችው። ሳጥኑን በአንድ ክንዷ አቀፈች፣ ጠርሙሱን በሌላው እጇ ደረቷ ላይ ያዘች፣ በሩን በክርኗ ከፈተችው። ውጭው ዳምኗል። ጃንጥላው በሩ አጠገብ እንደተሰቀለ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ እጆቿ ሁለቱም ተይዘዋል፤ ዘጋሁት። ደረጃውን እግሯን እየለካች፣ እንደዚያ ፍርፋሪ እንዳጓጓዘችበት ቀን ወረደች።